«ወንድም» ማለት ዕዳ ነው

ሰው ለሰው የሚያወጣው ስም ሁሉ በስም አውጪው ላይ ዕዳ ይጥላል። አንዱን ሰው «ጌታዬ» ያለ ሊታዘዘው፣ «ልጄ» ያለ ሊያሳድገው፣ «እንግዳዬ» ያለ እግሩን አጥቦ ሊያበላው ግዴታ ገብቷል። «ወንድሜ» የሚለው ስም ግን ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል። ጌታ ይሻራል፤ እንግዳም በማግሥቱ መንገዱን ይሄዳል፤ ወንድም ግን ቢጣሉትም ወንድም ነው፤ ከአንድ ማኅፀን መውጣት በጠብ አይፋቅምና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከእርስዋ ተለይተው ለሚኖሩት ክርስቲያኖች፣ ለፕሮቴስታንቶችም ለሌሎችም፣ «የተለዩ ወንድሞች» የሚል ስም አውጥታለች። እኛም ዛሬ ይህ ስም ከምን እንደ መጣ፣ በሚጠራበትም አፍ ላይ ምን ዕዳ እንደሚያስከትል ልንመረምር ተነሥተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ስለዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ይናገራሉ፤ ሁለቱንም እንሞግታለን። ፊተኛው ወገን «ይህ የወረቀት ስም ነው፤ ሮማ ትናንት መናፍቅ ትለው የነበረውን ሰው ዛሬ ወንድም ብትለው ዘመን አስገድዷት ነው እንጂ በልቧስ እንደ አረመኔ ትቈጥረዋለች» ይላል። ኋለኛው ወገን ደግሞ «ወንድማማች ከሆንን እንግዲህ ልዩነት የሚባል ነገር ቀርቷል፤ የትም ቢጸልዩ፣ ከየትኛውም መንበር ቢቈርቡ ያው ነው» ይላል። ፊተኛው ወንድምነትን በልዩነት ይሽራል፤ ኋለኛው ልዩነትን በወንድምነት ይሽራል። ከሁለቱም ኋላ ሦስተኛ ሰው ተሰውሮ ቆሞአል፤ እርሱም በመቅደስ «ስለ ተለዩ ወንድሞቻችን» ብሎ ጸልዮ፣ ከደጀ ሰላም ሲወጣ ጎረቤቱን በስድብ ስም የሚጠራው ካቶሊካዊ ነው። ክርክራችን ከሁሉ ይልቅ ከዚህ ሰው ጋር ነው፤ ነገር ግን በተራ እንሂድ።

ለፊተኛው ወገን የምንመልሰው እንዲህ ነው። ይህ ወንድምነት የዘመን ፈሊጥ አይደለም፤ ሥሩ ጥምቀት ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት፣ ከቤተ ክርስቲያን በተለዩ ሰዎች እጅ የተጠመቀ ሰው ተመልሶ ቢመጣ እንደ ገና ይጠመቃል ወይስ አይጠመቅም የሚል ክርክር ተነሣ። የካርታጎ ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ፣ መንፈስ ቅዱስ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አይሰጥምና የእነዚያ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም፣ ስለዚህ ይጠመቅ አለ። የሮማ ጳጳስ እስጢፋኖስ ግን እጅ ተጭኖበት ይግባ እንጂ ዳግመኛ አይጠመቅ አለ። ክርክሩም በ256 ዓመት እጅግ በረታ። ቆጵርያኖስ ታላቅ አባት ነበር፤ በ258 ዓመት ስለ ክርስቶስ አንገቱን ለሰይፍ ሰጥቷል፤ ሮማም እስከ ዛሬ በቅዱሳን ቍጥር ታከብረዋለች። ይሁን እንጂ በዚህ ነገር የጸናው የእርሱ ቃል አልሆነም። በ314 ዓመት በአርል ከተማ የተሰበሰበው ጉባኤ በሥላሴ ስም የተጠመቀ ሰው ዳግመኛ አይጠመቅ ብሎ ወሰነ። ከዚያም ቅዱስ አውግስጢኖስ ከዶናቲስቶች ጋር ሲከራከር ምክንያቱን ገለጠ፤ ይኸውም ጥምቀት የክርስቶስ ገንዘብ ነው እንጂ የአጥማቂው ገንዘብ አይደለም የሚል ነው። የንጉሥ መልክ የተቀረጸበት ብር በማን እጅ ቢገኝ ብርነቱ እንዳይለወጥ፣ የክርስቶስም ጥምቀት በማን እጅ ቢሰጥ የክርስቶስ መሆኑ አይቀርም።

ይህ የጥንት ነው፤ በሉተር ጊዜስ እንዴት ሆነ ቢሉ፣ ሉተር በሞተ በዓመቱ በ1547 ዓመት የትሬንት ጉባኤ በሰባተኛው ስብሰባው ስለ ጥምቀት ደነገገ። መናፍቅ እንኳ ቢሆን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ አስቦ ያጠመቀው ጥምቀት እውነተኛ ጥምቀት ነው፤ አይደለም የሚል ቢኖር የተወገዘ ይሁን ብሎ ጻፈ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ቆም ብለህ አስተውለው። ያ ጉባኤ በሉተር ትምህርት ላይ ውግዘት በሚያወርድበት ወራት፣ የተለዩትን ሰዎች ጥምቀት የሚንቀውን ካቶሊካዊ ደግሞ በዚያው ብዕር አወገዘ። እንግዲህ ጎረቤቱን «ያልተጠመቀ» ብሎ የሚሰድበው ካቶሊካዊ ለሃይማኖቱ የሚቀና ሊመስለው ይችላል፤ ዳሩ ግን የገዛ ሃይማኖቱ ውግዘት በራሱ ላይ አርፏል።

ከባድ ቃል አልተነገረም አንልም። በ1441 ዓመት በኢየሩሳሌም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት የተላኩ ሰዎች ወደ ፍሎሬንስ ጉባኤ መጥተው ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ጉባኤው ለግብጻውያን ባወጣው ደብዳቤ፣ አረማውያን ብቻ ሳይሆኑ መናፍቃንና የተለዩ ሰዎችም ከመሞታቸው በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ካልተጨመሩ አይድኑም የሚል ቃል ተጽፏል። ፊተኛው ወገን ይህን ቃል ይዞ ይከሰናል፤ ቃሉም ተጽፏልና አንሸሽገውም። ነገር ግን ቃሉ በምን ሰው ላይ እንደሚፈርድ መጠየቅ ይገባል። እውነትን አውቆ የናቀና እውነትን ሳያገኝ በቅን ልብ የኖረ አንድ አይደሉምና። ፒዮስ 9ኛ በ1863 ዓመት ይህን ልዩነት በግልጥ አስተማሩ። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ሊዮናርድ ፊኒ የሚባል ካህን ካቶሊክ ያልሆነ ሁሉ ይጠፋል ብሎ ቢሰብክ፣ ሮማ በ1949 ዓመት ለከተማው ሊቀ ጳጳሳት በጻፈችው ደብዳቤ ትምህርቱን ነቀፈች፤ ካህኑም ወደ ሮማ ተጠርቶ አልሄድም ስላለ በ1953 ዓመት ተወገዘ። ከዚህ በኋላ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኅዳር ወር በ1964 ዓመት፣ ዛሬ ከተለዩት ማኅበሮች ተወልዶ በዚያ እምነት ያደገ ሰው በመለየት ኀጢአት አይከሰስም፤ በመለየቱም ጊዜ በደሉ በሁለቱም ወገን ነበረ፤ በጥምቀት የጸደቁ ሁሉ ክርስቲያን መባል ይገባቸዋልና የካቶሊክ ልጆች ወንድሞች ይበሉአቸው ብሎ ወሰነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለው፣ ይህ ከ256 ዓመት ጀምሮ የነበረው ዘር ፍሬ ሆኖ የታየበት ነው እንጂ ከባዕድ ማሳ የተለቀመ አይደለም።

ዳሩ ግን ሕግ በመጽሐፍ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን በደም ተምረነዋል። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ከተቀበሉ በኋላ በ1625 ዓመት አልፎንሶ ሜንዴዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ፓትርያርክ ተብሎ ወደ አገራችን ገባ። በማግሥቱ ዓመት ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ በአደባባይ ማሉ። ከዚያም ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ ታዘዘ። ከሺህ ዓመት በላይ በሥላሴ ስም ሲጠመቅ የኖረ ሕዝብ፣ እንደ አረማዊ ወደ ውሃ ና ተባለ። ገበሬው ለአባቶቹ ሃይማኖት ጦር አነሣ፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ዘመተ፤ በ1632 ዓመትም ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ ንጉሡ ድል አድርገው ሳለ የገዛ ወገናቸውን ሬሳ አይተው የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መለሱ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሜንዴዝና ጓደኞቹም ከአገር ተባረሩ።

ለሜንዴዝ ጠበቃ የሚቆም ሰው «የጥምቀቱ ሥርዓት ትክክል መሆኑ አጠራጥሮት ይሆናል፤ በእውነት ያጠራጠረ እንደ ሆነ ደግሞ ማጥመቅ ይፈቀዳል» ይል ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ ጥርጣሬ አንድ በአንድ መርምረው የሚያገኙት ነገር ነው፤ ሳይመረምሩ በሕዝብ ሁሉ ላይ የሚጭኑት ጥርጣሬ ግን ስሙ ንቀት ነው። ሮማ ራስዋ በ1993 ዓመት ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ባወጣችው መመሪያ፣ ያለ ከባድ ምክንያትና ያለ ምርመራ ከሌላ ማኅበር የመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ማጥመቅ እንደማይገባ አዝዛለች። እንግዲህ ሜንዴዝን የሚፈርድበት ጠላቱ ሳይሆን የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ነው። እስጢፋኖስና የትሬንት ጉባኤ የተናገሩትን ቃል ረስቶ፣ ወንድም ሊያገኝበት በሚችለው አገር ለሮማ ስም ብዙ ዘመን የቈየ ጥላቻ ተክሎ ሄደ።

የዕዳውን መካድ ካየን፣ ዕዳውን የከፈለውንም ሰው እንይ። ምስክሩን ከሩቅ አናመጣም፤ ነጭ ዐባይ ከሚነሣበት ከኡጋንዳ ነው። ወደ ቡጋንዳ ቤተ መንግሥት አስቀድመው በ1877 ዓመት የእንግሊዝ አንግሊካን ሚሲዮናውያን፣ በ1879 ዓመት ደግሞ ነጭ አባቶች የሚባሉት ካቶሊኮች መጡ። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ንጉሥ ፊት እርስ በርሳቸው ይከራከሩ፣ አንዱ የሌላውን ትምህርት ይነቅፍ ነበር። በ1884 ዓመት ሙዋንጋ ነገሠ፤ ክርስቲያኖችንም ይጠረጥርና ይጠላ ጀመር። በ1885 ዓመት መጀመሪያ ሦስት የአንግሊካን ወጣቶችን አስገደለ። በጥቅምት ወር ደግሞ ጄምስ ሃኒንግተን የሚባለው የአንግሊካን ጳጳስ ወደ አገሩ ሲመጣ በመንገድ እንዲገደል አዘዘ።

በዚያ ጊዜ በንጉሡ ቤት የአሽከሮች አለቃ የነበረ ዮሴፍ ሙካሳ ባሊኩዴምቤ የሚባል ካቶሊካዊ ነበረ። ሊናገር የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። የተገደለው ጳጳስ የእርሱ ጳጳስ አይደለም፤ መምህሮቹም ከዚያ ጳጳስ ወገን ጋር ተከራካሪዎች ነበሩ። ዝም ቢል ሹመቱም ሕይወቱም ይቈይለት ነበር። እርሱ ግን ወደ ንጉሡ ቀርቦ ይህን ሰው ማስገደልህ በደል ነው ብሎ ገሠጸው። ንጉሡን ከነውር ሥራው ይከለክል፣ ወጣቶቹንም ከእርሱ ይሸሽግ ስለ ነበር ቍጣው ተደራርቦበት በኅዳር ወር በ1885 ዓመት ተገደለ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን በልብህ መዝን፤ በኡጋንዳ ከካቶሊኮች ወገን አስቀድሞ የሞተው ሰማዕት፣ ለሞቱ አንዱ ምክንያት የሆነው ስለ ፕሮቴስታንት ጳጳስ ደም መናገሩ ነው። የቫቲካን ጉባኤ «ወንድሞች» የሚለውን ቃል ከመጻፉ 79 ዓመት አስቀድሞ ዮሴፍ ሙካሳ በደሙ ጽፎታል።

በማግሥቱ ዓመት ሰኔ 3 ቀን ካርሎስ ልዋንጋና ጓደኞቹ በናሙጎንጎ በእሳት ተቃጠሉ። በዚያ ስፍራ በዚያ ቀን ካቶሊኩም አንግሊካኑም ተቃጠለ፤ ገዳዩ ስለ ሃይማኖት ልዩነታቸው አልጠየቃቸውም። በዚያ ስደት ከሞቱት ውስጥ 22 ካቶሊኮችና 23 አንግሊካኖች በስማቸው ይታወሳሉ። ጳውሎስ 6ኛ በጥቅምት ወር በ1964 ዓመት ካቶሊኮቹን ሰማዕታት ቅዱሳን ብለው ባወጁበት ቀን፣ ስለ ክርስቶስ ስም የሞቱትን አንግሊካኖችንም በስብከታቸው አነሡ። ፍራንቸስኮስም በ2015 ዓመት ወደ ናሙጎንጎ በሄዱ ጊዜ የአንግሊካኖቹንም የካቶሊኮቹንም የሰማዕታት ስፍራ ጐበኙ።

ታሪኩ በዚህ ቢፈጸም ደስ ባለን፤ ግን አልተፈጸመም። ከናሙጎንጎ እሳት በኋላ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር ወር በ1892 ዓመት፣ የኡጋንዳ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በመንጎ ኮረብታ ጦር ገጥመው ተዋጉ። አንዱ ወገን በፈረንሳይ ስም፣ ሌላው በእንግሊዝ ስም ይጠራ ነበር፤ ሉጋርድ የሚባለውም የእንግሊዝ መኰንን መትረየሱን ለፕሮቴስታንቶቹ አሰልፎ ካቶሊኮቹ ተሸነፉ። አመዳቸው በአንድነት የተቀላቀለ የሰማዕታት ወገኖችና ጓደኞች እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ። ይህን ምን አመጣው ቢሉ፣ ወንድም የሚለው ስም በሹመትና በመሬት ስለ ተለወጠ ነው። የውጭ አገር መንግሥት ስም የክርስቶስን ስም ሲተካ፣ ጥምቀት የዘመቻ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ኋለኛው ወገን እንዙር፤ «እንግዲህ ልዩነት የለም» ወደሚለው። ይህ ወገን አንደበቱ ለስላሳ ነው፤ ብዙ ወዳጅም አለው፤ ነገር ግን ወንድሙን አያከብርም። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ርስት ሲካሰሱ አይተሃል። አንዱ ወሰኑ በወንዙ ነው ይላል፤ ሌላው በዋርካው ነው ይላል። አላፊ አግዳሚው መጥቶ «ወንዙም ዋርካውም ያው ነው፤ ዝም በሉ» ቢላቸው አላስታረቃቸውም፤ የሁለቱንም ነገር ናቀባቸው እንጂ። አስታራቂ ሽማግሌ ወሰኑን በእግሩ ረግጦ፣ የሁለቱንም ምስክር ሰምቶ፣ የሚስማሙበትንና የማይስማሙበትን ለይቶ ይነግራቸዋል።

ካቶሊኮች ስለ ሮማ ጳጳስ ሥልጣን፣ ስለ ክህነት፣ ስለ ቅዱስ ቍርባን ያላቸው እምነት ከፕሮቴስታንቶች ይለያል፤ ይህንንም አይደብቁም። ልዮን 13ኛ በ1896 ዓመት የአንግሊካኖች ክህነት የጸና አይደለም ብለው ጽፈዋል። በ2000 ዓመት የወጣው የሮማ ደብዳቤም፣ የጸና ጵጵስናና ፍጹም ቍርባን የሌላቸው ማኅበሮች በቃሉ ሙሉ ፍች አብያተ ክርስቲያናት አይባሉም ብሏል፤ ብዙ ፕሮቴስታንቶችም በዚህ አዝነዋል። የቀኖና ሕጓም የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን በፈቃዳቸው ለምነው ተዘጋጅተው ቢመጡ ከካቶሊክ ካህን ቍርባን ሊቀበሉ እንዲችሉ ሲፈቅድ፣ ለፕሮቴስታንቶች ግን በሞት አፋፍ ወይም በብርቱ ችግር ጊዜ፣ ስለ ቍርባኑም የካቶሊክን እምነት ሲገልጡ ብቻ ይፈቅዳል። ይህ ቃል ያሳዝናል፤ ግን በግልጥ የተነገረ ኀዘን በልብ ከተሸሸገ ንቀት ይሻላል። ልዩነቱን ሳይክዱ የተነጋገሩ ሰዎችም ፍሬ አግኝተዋል። በጥቅምት 31 ቀን በ1999 ዓመት በአውግስቡርግ ከተማ ካቶሊኮችና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን፣ ሰው በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ይጸድቃል በሚለው ትምህርት ላይ በአንድ መግለጫ ፈረሙ። ይህ ጥያቄ የዐሥራ ስድስተኛውን መቶ ዓመት ክርክር ያቀጣጠለው ነው። የእኛም አገር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የዚያ ፌዴሬሽን አባል ናት። ልዩነት የለም ብለው ቢነሡ ኖሮ የሚፈርሙበት ነገር ባላገኙም ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛው ሰው ከተሰወረበት ይውጣ። አንተ ካቶሊካዊ ሆይ፣ «ወንድሜ» ብለሃልና ዕዳህን ቍጠር።

መጀመሪያ፣ ጎረቤትህን ራሱን በሚጠራበት ስም ጥራው እንጂ ልጆችህ በመንገድ የሚጮኹበትን የስድብ ስም ከቤትህ አታሰማ። ሁለተኛ፣ ትምህርቱን ስትናገር እርሱ ቢሰማ «አዎን፣ እንዲህ ነው የማምነው» ብሎ እንዲያውቀው አድርገህ ተናገር፤ የሌላውን እምነት አጣምሞ ገልጦ የረታ ሰው፣ የረታው ራሱ የቀረጸውን አሻንጉሊት ነው። ሦስተኛ፣ የተጠመቀች ፕሮቴስታንት በጳጳስህ ፈቃድ አግብተህ እንደ ሆነ፣ በሕግህ ጋብቻችሁ ምሥጢር ነው፤ ምሥጢር ያደረገውም የሁለታችሁ ጥምቀት ነው። ጥምቀቷን ብትንቅ የገዛ ትዳርህን መሠረት ትንዳለህ። አራተኛ፣ የድኻን ሃይማኖት በስንዴና በልብስ አትግዛ፤ የተራበ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት የሆዱ ነው፤ የተሰጠውም እህል ለእግዚአብሔር ምጽዋት አይሆንም። አምስተኛ፣ በኀዘኑ ቀን ከደጁ አትቅር። ቀብሩ በሌላ ሥርዓት ነው ብለህ ከለቅሶ ብትቀር፣ ዮሴፍ ሙካሳ አንገቱን የሰጠበትን ነገር አንተ በአንድ ቀን ጉዞ ነፈግኸው።

«እርሱ ግን እኔን ጣዖት አምላኪ ይለኛል፤ ወንድሙ መሆኔንም አይቀበልም» ትል ይሆናል። ብዙ ጊዜ እውነትህን ነው፤ ይህም በእርሱ ላይ ያለ ዕዳ ነው፤ በራሱ መድረክ ላይ የሚጠየቅበት። የአንተ ዕዳ ግን በእርሱ ዕዳ አይጣጣም። ወንድምነታችሁ በእርሱ ፈቃድ የቆመ ቢሆን ኖሮ በእርሱ እንቢታ በፈረሰ ነበር፤ የቆመው ግን ሁለታችሁም በገባችሁበት ውሃ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ነገር የሚመስለው ቢኖር የ2015ን ዓመት ያስብ። በየካቲት ወር በሊቢያ የባሕር ዳር 21 ክርስቲያኖች ታረዱ፤ ሃያው ግብጻውያን ኦርቶዶክሶች፣ አንዱ የጋና ሰው ነበረ። በሚያዝያ ወር ደግሞ የእኛ የኢትዮጵያውያን ልጆች በዚያው አገር በሰይፍና በጥይት ወደቁ። ያን ጊዜ ፍራንቸስኮስ ለፓትርያርክ አቡነ ማትያስ የኀዘን ደብዳቤ ላኩ፤ በእርሱም የሞቱት ካቶሊክ ይሁኑ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት ልዩነት የለውም፣ ክርስቶስን የመሰከረ ደማቸው አንድ ነው የሚል አሳብ ገለጡ። በ2023 ዓመትም የሊቢያዎቹ 21 ሰማዕታት በሮማ የሰማዕታት መዝገብ እንዲጻፉ አደረጉ። ሜንዴዝ የእስክንድርያን ልጆች እንደ ገና ይጠመቁ ካለ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ የሜንዴዝ ቤተ ክርስቲያን የእስክንድርያን ልጆች ሳታጠምቅ፣ ሳትጨምርባቸው፣ ሳትቀንስባቸው ሰማዕቶቼ ናቸው ብላ ተቀበለች።

ገዳዩ አንድነታችንን አውቆ ሲገድለን፣ እኛ በሕይወት ሳለን ሳናውቀው ብንቀር እጅግ ያሳፍራል። በመቃብር የምንከፍለውን ዕዳ በደጃፍ እንክፈለው። አንዲት ጥምቀት የሰጠን አምላክ፣ አንድ አሳብና አንድ ማዕድም እስኪሰጠን ድረስ፣ ልዩነታችንን በእውነት የምንናገርበት አንደበት፣ ወንድምነታችንንም በሥራ የምናሳይበት እጅ ይስጠን፤ አሜን።